በአንድ ቀን ሦስት ጨዋታ፦ የእንግሊዝ ካውንቲዎች የቲ20 ሻምፒዮና ግምገማ

ክሪኬትን አንድም ቀን አይቶ የማያውቅ ሰው ከየት ልጀምር ብሎ ሲጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ለዓመታት አልተለወጠም፤ የእንግሊዝና የዌልስ ካውንቲዎች፣ ማለትም የየአውራጃው ቡድኖች፣ የሚገናኙበትን ቲ20 ብላስት የተባለውን ሻምፒዮና ተመልከት እለዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የሚፈስባቸውና ከዋክብት የሚሰበሰቡባቸው ውድድሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የሕንዱ ሊግ ብቻውን ይህን ለመመስከር ይበቃል። ነገር ግን ተመልካቹ ለሰጠው ጊዜ ምን ያህል ይመለስለታል ብለን ከመዘንን፣ በተለይም ሁለቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎችና ፍጻሜው በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን የሚካሄዱበትን የመዝጊያ ዕለት ከቆጠርን፣ የሚስተካከለው ውድድር አላገኘሁም። ይህንን ሻምፒዮና የሚጎዳው የጨዋታው ጥራት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው፤ እሱንም ወደ ኋላ በዝርዝር አነሣዋለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ፤ አንደኛው ሲመታ ሌላኛው ይወረውራል፣ ከዚያም ይቀያየራሉ። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ይባላል፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚመታው ቢበዛ 20 ኦቨር፣ ማለትም 120 ኳስ ነው። መቺው ኳሷን መትቶ በሌላው ጫፍ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ በተለዋወጠ ቁጥር አንድ ሩጫ ይቆጠራል፤ ኳሷ መሬት ነክታ የድንበሩን ገመድ ካለፈች አራት፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች ስድስት ይሆናል። ከመቺው ጀርባ የተተከሉት እንጨቶች በኳሷ ከተመቱ ወይም የመታት ኳስ በአየር ላይ እንዳለች ከተያዘችበት ከሜዳ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቡድኑ አንድ ዊኬት አጣ እንላለን። አንድ ወርዋሪ ከ4 ኦቨር በላይ እንዲወረውር ስለማይፈቀድለት አምበሉ ቢያንስ አምስት ወርዋሪዎችን ማዘጋጀት አለበት። በመጀመሪያዎቹ 6 ኦቨሮች ደግሞ በሜዳው ላይ ከተሰመረው ክብ ውጭ መቆም የሚችሉት የወርዋሪው ቡድን ተጫዋቾች ሁለት ብቻ በመሆናቸው፣ ደፋር መቺ ገና ከመነሻው ኳሷን ከእነሱ ራስ በላይ ለማሳለፍ ዕድል ያገኛል። ሁሉም ነገር ተጠቃሎ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን ያወቀ ሰው የሚቀረውን እያየ ይማረዋል።

ሻምፒዮናው እዚህ ለመድረስ የተነሣበትን ምክንያት ማወቅ የሚሰጠውን ነገር ለመረዳት ይጠቅማል። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ የካውንቲ ክሪኬት ተመልካች እየሳሳ ነበር፤ የትንባሆ ማስታወቂያ መከልከል ያስከተለው የስፖንሰር እጦት ቤንሰን ኤንድ ሄጅስ የተባለውን የቆየ ዋንጫ በ2002 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አስቀረው። በእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬት ቦርድ የገበያ ክፍል ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ሮበርትሰን ሕዝቡ ለምን ወደ ሜዳ እንደማይመጣ አስጠንቶ፣ ከሥራና ከትምህርት በኋላ ተጀምሮ በዚያው ምሽት የሚያልቅ አጭር ውድድር ይኑር የሚል ሐሳብ አቀረበ። የካውንቲዎቹ አለቆች ድምፅ ሲሰጡ 11 ደገፉት፣ 7 ተቃወሙት። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ሰኔ ውስጥ በ2003 ተካሄዱ፤ አዲስ መቺ ተራው ሲደርስ በ90 ሰከንድ ውስጥ ቦታውን መያዝ እንዳለበት የሚያስገድድ ደንብም ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሚድልሴክስና ሰሪ በሎርድስ ሲገናኙ 27,509 ሰው ተገኘ፤ የአንድ ቀን ውድድሮች ከሚባሉት ፍጻሜዎች በስተቀር በዚያ ሜዳ ለአንድ የካውንቲ ጨዋታ ይህን ያህል ሕዝብ ሲሰበሰብ ከ1953 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በ2007 የተጀመረው የቲ20 የዓለም ዋንጫም፣ በ2008 የተከፈተው የሕንድ ሊግም የተከተሉት ይህን መንገድ ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙ ተመልካቾች ይህንን የዘር ሐረግ ሲዘነጉት ስለማይ ያሳዝነኛል።

ከጨዋታው ቅርጽ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የቡድኖቹ ማንነት ነው። 18ቱ ካውንቲዎች ለቴሌቪዥን ተብለው የተፈጠሩ ስሞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ፣ አባት ልጁን ይዞ የሚሄድባቸው፣ በየአውራጃው ልጆችን ኮትኩተው የሚያሳድጉ ክለቦች ናቸው። ከውጭ አገር የሚመጡ ጥቂት ተጫዋቾች ይኖራሉ፤ የቡድኑ እምብርት ግን በዚያው አካባቢ ያደገ ወይም በዚያ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ነው። በቲ20 ማሊያው የተለወጠ ሰው የለም፤ ቅዳሜ ዕለት ስድስት ሲመታ ያየኸውን ልጅ በሌላ ሳምንት አራት ቀን በሚፈጀው ረጅሙ የካውንቲ ጨዋታ በነጭ ልብስ ታገኘዋለህ። ተመልካቹ ተጫዋቹን ስለሚያውቀው የሚጮኽለት ድምፅ ሌላ ነው።

ፉክክሩም እውነተኛ ነው። ውድድሩ ከተጀመረበት ከ2003 እስከ 2025 ድረስ ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ያነሣ ካውንቲ አንድም የለም፤ ከ18ቱ መካከል 14ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል። ሀብትና ስም ያለው ሰሪ የመጀመሪያውን ዋንጫ በ2003 ወስዶ፣ እስከ 2025 ድረስ በወንዶቹ ውድድር ሁለተኛ አላገኘም። በረጅሙ የካውንቲ ሻምፒዮና ማንም የማይደርስበት ዮርክሻየር በዚህ መድረክ አንድ ጊዜም አልነገሠም። በአንጻሩ አቅሙ አነስተኛ የሆነው ሌስተርሻየር በ2004፣ በ2006 እና በ2011 ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ ኖርዛምፕተንሻየርም በ2013 እና በ2016 ሁለት ጊዜ። በ2013ቱ ፍጻሜ የኖርዛምፕተንሻየሩ ዴቪድ ዊሊ በ27 ኳስ 60 ሩጫ ከመታ በኋላ፣ ኳስ ይዞ ተመልሶ በ9 ሩጫ ብቻ 4 ዊኬት ወሰደ፤ ሦስቱ በተከታታይ ኳሶች የመጡ ነበሩ። የተሸነፈው ሰሪ ነው። የእግር ኳስ ሊጎችን አሸናፊ ገና ዓመቱ ሳይጀመር መገመት ለለመደ ሰው፣ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

አሁን ወደ መዝጊያው ዕለት ልመለስ፤ የዚህ ሻምፒዮና ልብ እዚያ ስላለ ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። ከ2013 ወዲህ ይህ ዕለት በየዓመቱ የሚውለው በበርሚንግሃም ከተማ በሚገኘው ኤጅባስተን ሜዳ ነው፤ 25,000 ገደማ ሰው ይይዛል፣ ትኬቱም ቡድኖቹ ሳይታወቁ አስቀድሞ ይሸጣል። የመጀመሪያው የግማሽ ፍጻሜ ረፋዱ ላይ፣ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ ይጀመራል፤ ፍጻሜው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ሌሊቱ ሲጨልም መብራት በርቶ ያበቃል። አራት ካውንቲዎች አራት ቀለም ይዘው ስለሚመጡ፣ ጠዋት ሜዳው በአራት ይከፈላል። ቡድናቸው የተሸነፈባቸው ደጋፊዎች ግን ወደ ቤታቸው አይሄዱም፤ ተቀምጠው ከቀሩት መካከል አንዱን መርጠው ይደግፋሉ። ሆሊስ ስታንድ በተባለው ክፍል የሚቀመጡት ሰዎች ደግሞ ልዩ ልዩ አልባሳት ለብሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይዘምራሉ፤ ጸጥታ የሚፈልግ ወይም ትንንሽ ልጆች የያዘ ሰው ከዚያ ክፍል ራቅ ያለ ወንበር ቢመርጥ ይሻለዋል። በጨዋታዎቹ መካከል የካውንቲዎቹን ምልክት እንስሳት የለበሱ ሰዎች መሰናክል እየዘለሉ ይሽቀዳደማሉ። ይህ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም፣ አዋቂው ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለእኔ የዕለቱ ትልቁ ዋጋ ግን ከበዓሉ ይልቅ በስፖርቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ዋንጫውን የሚያነሣ ቡድን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ሁለተኛውን የግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈው ቡድን ላቡ ሳይደርቅ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ፋታ ለፍጻሜ ይሰለፋል፤ የመጀመሪያውን ያሸነፈው ግን ሰዓታት ሲያርፍና ተጋጣሚውን ሲያጠና ይቆያል። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔም በጊዜው ጠይቄአለሁ። ነገር ግን የአምበሉን ብልሃት፣ የወርዋሪውን ትከሻና የቡድኑን ስፋት እንዲህ አድርጎ የሚፈትን ሌላ መድረክ አላውቅም። የ2019ኙን የኤሴክስ አምበል ሳይመን ሃርመርን ልጥቀስ። ኳሷን እያሽከረከረ የሚወረውረው ይህ ሰው በግማሽ ፍጻሜው 4 ዊኬት፣ በፍጻሜው 3 ዊኬት ወሰደ፤ ከዚያም የዉስተርሻየርን 145 ሩጫ ለመሻገር በተደረገው ትግል እስከ መጨረሻዋ ኳስ ድረስ ደርሶ፣ ራሱ በመምቻው ወደ ድንበሩ ሰዷት ዋንጫውን አስገኘ። ቀን የወረወረ እጅ ማታ ዋንጫ ሲያስጨብጥ ማየት በሌላ ውድድር የሚገኝ አይደለም።

የ2022ቱ ፍጻሜ ደግሞ ይህ ጨዋታ በስንት ሳንቲሜትር እንደሚወሰን ያሳየበት ነው። ሃምፕሻየር 152 መትቶ ላንክሻየር ሊያልፈው ይከተላል። የመጨረሻዋ ኳስ ቀርታለች፤ ላንክሻየር ጥቂት ሩጫ ይፈልጋል። ወርዋሪው ኔተን ኤሊስ ተንደርድሮ መጣ፣ ኳሷም መቺውን አልፋ እንጨቶቹን በታተነች። የሃምፕሻየር ተጫዋቾች ወደ መሃል ሮጠው ተቃቀፉ፣ ርችቱ ተተኮሰ፣ ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው። በዚህ መካከል ዳኛው ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ፤ ምስሉ ሲታይ የኤሊስ እግር ማለፍ የሌለበትን መስመር አልፎ ተገኘ። ኳሷ ሕገ ወጥ ሆነች፤ ለላንክሻየር ሩጫ ተጨመረለት፣ ኳሷም እንደ አዲስ እንድትወረወር ታዘዘ፤ ያውም መቺው እንጨቱ ቢመታበት እንኳ የማይወጣባት ኳስ ሆና። ዋንጫ ያነሣ የመሰለው ቡድን ከጭሱ ውስጥ ወጥቶ እንደገና ቦታ ቦታውን ያዘ። ኤሊስ ከዚያ ሁሉ በኋላ ያለ ጥፋት ወረወረ፤ ላንክሻየር ከእሷ ያገኘው አንድ ሩጫ ብቻ ስለነበር ሃምፕሻየር በ1 ሩጫ ልዩነት አሸነፈ። ከአንድ ደቂቃ በፊት በእጁ የነበረውን ድል በገዛ እግሩ ጥሎ፣ ያንኑ ኳስ መልሶ የመወርወር ድፍረት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አሁንም አስበዋለሁ።

ደጋፊውን በተመለከተ የሰመርሴትን ታሪክ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2005 ካሸነፈ በኋላ በ2009፣ በ2010 እና በ2011 ሦስት ዓመት ተከታትሎ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። የ2010ሩ ከሁሉም የመረረ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች እኩል 173 መትተው ሳለ ሃምፕሻየር ያጣው ዊኬት አነስተኛ በመሆኑ ብቻ ዋንጫውን ወሰደ። በ2021ም በፍጻሜው ኬንት አሸነፈው። በ2023 ኤሴክስን አሸንፎ ከ18 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ በዓመቱ በግሎስተርሻየር ተነጠቀ። በ2025 እንደገና መጥቶ ሃምፕሻየር የመታውን 194 ሩጫ፣ ዊል ስሚድ ብቻውን 94 መትቶለት ገና 6 ዊኬት ሲቀረው ተሻገረ። የተሸነፈባቸውን ዓመታት ሁሉ አብረውት የተጓዙትን ሽማግሌዎች ፊት በዚያ ምሽት ማየት፣ ለእኔ ከስሚድ ምት ያላነሰ ነበር።

የምድብ ጨዋታዎቹ ስሜት ከዚህ ለየት ይላል። እስከ 2025 በነበረው አሠራር ካውንቲዎቹ በሰሜንና በደቡብ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ተመድበው 14 ጨዋታ ያደርጋሉ፣ ከየምድቡ አራት አራት ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ። ጎረቤታሞች በአንድ ምድብ መሆናቸው ደጋፊው ተከትሎ እንዲጓዝ ያስችለዋል። አንዳንዱ ምሽት የማይረሳ ነው፤ በሰኔ 2023 ሰሪ በኦቫል ሜዳ 252 ሩጫ መትቶ ሳለ ሚድልሴክስ ተከትሎ 254 በመምታት አሸንፎታል። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ወገን ብቻ የሚጫወትበት ነው፤ በ2022 ሩብ ፍጻሜ ላይ እንኳ ሰመርሴት ደርቢሻየርን በ191 ሩጫ ሲያሸንፍ የተመለከተ ሰው ግማሹን ምሽት ውጤቱን እያወቀ ነው የተቀመጠው። ጨዋታው ብዙ ሲሆን ክብደቱ እንደሚቀንስ አይካድም።

የመስተንግዶው ነገር ከሜዳ ሜዳ ይለያያል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የካውንቲ ሜዳ፣ በሁለቱ ቡድኖች ተራ መካከል ያለው ዕረፍት አጭር መሆኑ እየታወቀ የተከፈተው የምግብ መሸጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ሰልፉ ላይ ሳለሁ የሁለተኛው ተራ የመጀመሪያ ኦቨር አለፈኝ፣ በዚያች ኦቨር ውስጥም ሁለት ዊኬት መውደቁን የሰማሁት ከጩኸቱ ነው። በ120 ኳስ ጨዋታ ስድስት ኳስ ማጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ከጨዋታው አጋማሽ ቀደም ብሎ መግዛት ይበጃል። በሌላ በኩል መቀመጫዎቹ ለሜዳው ቅርብ ናቸው፤ በትንንሾቹ ሜዳዎች የመምቻው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ድንበር ላይ የቆመውን ተጫዋች ልጆች በስሙ ሲጠሩት ዞሮ ይመልስላቸዋል። ወደ ሜዳ መሄድ ለማይችል፣ በቴሌቪዥን የማይተላለፉትን በርካታ ጨዋታዎች ካውንቲዎቹ ራሳቸው በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳያሉ። የካሜራው ብዛት የትልልቆቹን ጣቢያዎች ባያህልም ተንታኞቹ ተጫዋቾቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁ ለጀማሪ ተመልካች የሚያስረዱት ብዙ ነው።

ከ2025 ጀምሮ ሴቶቹም በዚሁ ስም የራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ሰሪ ነው። ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን ሲጫወቱ በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ ማየት ስለሚቻል፣ ልጃገረዶች ላሏቸው ቤተሰቦች ይህን ቀን መርጠው እንዲሄዱ እመክራለሁ።

ቅሬታዬ የቀን መቁጠሪያው ነው ብዬ ነበር። በ2021 ስምንት የከተማ ቡድኖች የሚሳተፉበት፣ ለእያንዳንዱ ወገን 100 ኳስ ብቻ የሚወረወርበት ዘ ሀንድረድ የተባለ ውድድር ተጀመረ፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን፣ ፀሐይ የሚገኝበትን የነሐሴን ወር ያዘ። በዚህ ምክንያት በ2024 እና በ2025 የካውንቲዎቹ የምድብ ጨዋታ በሐምሌ አልቆ ሩብ ፍጻሜው እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ተጓተተ። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ቡድኑ በሐምሌ ሲያልፍ በደስታ የዘለለ ልጅ ለመስከረም ያንን ትኩሳት ይዞ አይቆይም፤ በመካከሉ ያሉት ሳምንታት ተጫዋቾችን ለሌላ ቡድን ሌላ ማሊያ ያስለብሳሉ፣ አንዳንዱ የውጭ አገር ተጫዋች ውሉ አልቆ ይሄዳል፣ ቡድኑን እዚህ ያደረሰው ሰው በወሳኙ ቀን አይገኝም። የመስከረም ምሽት ቅዝቃዜና ጤዛ ደግሞ ኳሷን ስለሚያረጥባት ወርዋሪዎች አጥብቀው ለመያዝ ይቸገራሉ። አንድ ታሪክ በመሃሉ ተቆርጦ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲቀጥል አድማጩ ጅማሬውን ይረሳል።

ቦርዱ ይህንን ቅሬታ ሰምቶ ከ2026 ጀምሮ የምድብ ጨዋታዎቹ ከ14 ወደ 12 ዝቅ እንዲሉ፣ ካውንቲዎቹም በሦስት ምድብ ስድስት ስድስት እንዲሆኑ፣ የመዝጊያው ዕለትም ከዘ ሀንድረድ በፊት በሐምሌ እንዲካሄድ መወሰኑ ትክክለኛ እርምጃ ነው። እኔ ብጠየቅ ከዚህም አልፌ የምድብ ጨዋታዎቹን አብዛኛውን በዓርብ ማታና በእሑድ ከቀትር በኋላ አደርጋቸው ነበር፤ ሮበርትሰን በ2003 ያሰበው ከሥራ ወጥቶ የሚመጣውን ሰው ነበርና።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ይህን ያድርግ። በቅርቡ ያለውን ካውንቲ መርጦ አንድ የዓርብ ማታ የምድብ ጨዋታ ይሂድ፤ ከወርዋሪው ጀርባ ባለው ጎን ይቀመጥ፣ ኳሷ ወዴት እንደምትታጠፍ ከዚያ ይታያል። የመጀመሪያዎቹን 6 ኦቨሮች የሚቆሙትን ሰዎች አቀማመጥ ብቻ ይከታተል፤ ሩጫውን ሰሌዳው ይቆጥርለታል። ወደ ኤጅባስተን ለመዝጊያው ዕለት የሚሄድ ከሆነ ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዝ፤ በሁለተኛው የግማሽ ፍጻሜ መካከል ድካም ሲሰማው ወጣ ብሎ በሜዳው ዙሪያ ይራመድ፣ ለፍጻሜው ግን የሜዳው መብራት ሳይበራ ወንበሩ ላይ ይገኝ።